በግራ የጮኸችው ወፍ

ጣሊያን ሥልጣኔ ይዤላችሁ መጣሁ ብሎ አዲስ አበባ በገባ ዘመን፣ ከሥልጣኔው ለኮልፌ የደረሳት አንድ የጦር ካምቦ፣ አንድ ማሬሻሎ የሚሉት ሹምና መሸሻ የሚባል አንድ ባንዳ ነበር። ካምቦው ከነሽቦ አጥሩ ኮረብታው ላይ ተቀመጠ። ማሬሻሎው ካምቦው ውስጥ ተቀመጠ። መሸሻ ግን የትም አይቀመጥም፤ ከጠላ ቤት ጠላ ቤት፣ ከለቅሶ ለቅሶ እየዞረ ማን ምን እንዳለ ሲለቅም ይውላል። ዶሮ እንኳ ጥሬ ለቅማ ዕንቁላል ትጥላለች። መሸሻ ለቅሞ ለቅሞ የሚጥለው የሰው ሬሳ ነበር።

ይህ ሰው ጠመንጃ ነበረው፤ ትከሻው ላይ የሚሰፋው የጣሊያን ኮት ነበረው፤ ሲሄድ የሚጮህ ቡትስ ነበረው። ያልነበረው ጆሮ ነው። ሰው ሲያንሾካሹክማ ከአስኮ ኮልፌ ድረስ ይሰማል። ወፍ የሚሰማ ጆሮ ነው ያጣው። ስለዚህ አርበኛ ፍለጋ ወታደር መርቶ በአስኮ በኩል በሚወጣበት ቀን ሁሉ፣ ፀሐይ ሳትሞቅ የወለተጻድቅን ጠላ ቤት በር ይገፋል።

"እትዬ ወለቴ፣ ቦንጆርኖ! ዛሬስ ምን አለች?"

"ገና አፏን አልፈታችም። ተቀመጥ።"

ይቀመጣል። የታላቂቱ ሮማ ታማኝ አገልጋይ፣ አንድ ካሚዮን ሙሉ ወታደር መንገድ ዳር አስቁሞ፣ እፍኝ የማትሞላ ወፍ እስክትጮህ ጣሳ ታቅፎ ይጠብቃል። ማሬሻሎው ምን እንዳዘገየው ሲጠይቀው "ወሬ እየሰበሰብኩ ነበር" ይላል። ከተናገረው ሁሉ ለእውነት የቀረበው እሱ ሳይሆን አይቀርም።

የወፏ ነገር እንዲህ ነው። ወለተጻድቅ "ገዴ" ትላታለች፤ አመዳም፣ ጭራዋ የማያርፍ፣ ከሩቅ ቢያዩዋት የደረቀ ቅጠል የምትመስል ወፍ ናት። በጠላ ቤቱ በር ወደ አስኮ ፊቱን አዙሮ ለቆመ ሰው ባሕር ዛፎቹ በቀኝ፣ አሮጌው ዝግባ በግራ ይውላሉ። ገዴ ከባሕር ዛፎቹ ከጮኸች መንገዱ የቀና ነው። ከዝግባው ከጮኸች መንገደኛ ጭነቱን አራግፎ ቤቱ ይውላል። ወለተጻድቅ ይህን የተማረችው ከአባቷ ነው። አባቷ ከጎጃም ሰምና ቡና የሚያመላልስ የሲራራ ነጋዴ ነበር። ስንት በቅሎ ጭኖ፣ ስንት ሽፍታ ያደረበትን በረሃ ሲያቋርጥ የኖረ ሰው፣ ጠዋት ጠዋት ጆሮውን ወደ ዛፍ ሳያቀና እግሩን አያነሳም። እሷንና ታናሽ ወንድሟን ገብረአምላክን ሁለት በኩል አስቀምጦ ቀበሮ ስታቋርጥ፣ ሚዳቋ ቆማ ስታይ፣ ወፍ ስትጮህ ምን ማለት እንደሆነ አስተማራቸው። ሁልጊዜ የሚጨርሰው ግን በአንድ ማስጠንቀቂያ ነው።

"እንስሳ መልእክተኛ ነው፤ ላኪው ሌላ ነው። ያላለችውን አለች ብሎ የዋሸባት ሰው፣ ድምፅዋን ለክፉ ያዋለባት ሰው፣ ዕድሜ ልኩን አይሰማትም። እዚያው አፍንጫው ሥር ትጮሃለች፤ እሱ ግን አይሰማም።"

የነፍስ አባቷ አባ ሀብተማርያም ይህን አይወዱም። "ምልኪ ማመን ኃጢአት ነው፣ ልጄ" ይሏታል፣ ጠላዋን እየጠጡ።

"ኖኅ ከመርከቡ ወፍ ሲልክ ኃጢአት ነበር፣ አባ?"

"ያ ሌላ ነው።"

"ኤልያስን ቁራ ሲመግበውስ?"

"ያም ሌላ ነው።"

"ጴጥሮስ ጌታውን ሲክድስ፣ ከዚያ ሁሉ ደቀ መዝሙር መሃል ነግሮ ያስለቀሰው ማነው? ዶሮ አይደለም?"

አባ ሀብተማርያም ጣሳቸውን ያዘቀዝቁና "ይህን ቅጅልኝ" ይላሉ። ከወለተጻድቅ ጋር ሲከራከሩ መጨረሻው ሁልጊዜ ይኸው ነው።

አሁን ወደ ደሙ እንምጣ።

የየካቲቱ ፍጅት ጊዜ ገብረአምላክ ከመሃል ከተማ በእግሩ አምልጦ ኮልፌ ገባ። ከቤቷ በታች ባለው የወንዝ ሸለቆ፣ ቁጥቋጦ በሸፈነው ዋሻ ተደበቀ። እህቱ ቆሎና ውሃ ዋሻው አፋፍ ድንጋይ ሥር ታስቀምጥለታለች፤ እሱ ጠዋት ወጥቶ ይወስዳል። የሚወጣው ግን ገዴ በቀኙ ስትጮህ ብቻ ነው። ያ ሁሉ ሰው በየደጁ ሲታረድ፣ የኮልፌ ጅብ እንኳ ጠግቦ ሥጋ ሲንቅ፣ እሱ በወፍ ድምፅ እየወጣ በወፍ ድምፅ እየገባ ሰነበተ።

ይህን የሚያውቅ አንድ ሰው ነበር። መሸሻ የገብረአምላክ የማኅበር ጓደኛ ነው፤ ከአንድ ጽዋ ጠጥተዋል፣ ከአንድ ዳቦ ቆርሰዋል። እሱም የነጋዴ ልጅ ነውና ወፍ መስማት ያውቃል። ዋሻው የትኛው እንደሆነ ባይነግሩትም ሸለቆውን ገምቶታል። አንድ ጠዋት ወታደሮቹን አፋፉ ላይ አስተኝቶ አጠገባቸው ተንበረከከ። ገዴ ከባሕር ዛፎቹ ጮኸች። መሸሻ እጁን አነሳ። ከቁጥቋጦው ገብረአምላክ ብቅ አለ። መሸሻ እጁን አወረደ።

ለቅሶው ላይ ከሁሉ የበለጠ የጮኸው መሸሻ ነው። "ወንድሜን! ጽዋዬን!" እያለ መሬት ወደቀ፤ ሁለት ሰው ደግፎ አነሳው። ንፍሮ ሲቀርብለት ግን ማንም መደገፍ አላስፈለገውም።

እውነቱን ለወለተጻድቅ የነገራት ደበላ ነው። ደበላ ጎረቤቷ ነው፤ በቅሎ ያከራያል፣ ለበቅሎዎቹም ሣር ያጭዳል። ያን ጠዋት ከአፋፉ በላይ ጎንበስ ብሎ ሲያጭድ የመሸሻን እጅ አይቷል፤ ሲነሳም ሲወርድም።

"ለማንም እንዳትነግሪ፣ እትዬ። እኔንም ያስበላኛል።"

"አልነግርም" አለች። አላለቀሰችም። ወደ ጓሮ ወጣችና ገዴን በድንጋይ ማባረር ጀመረች።

ለብዙ ቀን አባረረቻት። ወፏ በቀኝ ጮኻ ወንድሟን ለጥይት አውጥታዋለችና። ዋሽታ ይሆን? አባታቸውስ ዕድሜውን ሁሉ በተረት ሲነግድ ኖሮ ይሆን? ድንጋይ እየወረወረች ስታስበው ግን አንድ ነገር ገባት። ያን ጠዋት ገዴን የሰሟት ሁለት ሰዎች ናቸው። ሁለቱም መንገዴ ይቀናል ወይ ብለው ጠይቀዋታል፤ የአንዱ ቀና። ወፏ ባንዳ አይደለችም፤ አርበኛም አይደለችም። የተላከችውን ተናግራ ትበራለች። ክፋቱ ያለው መሸሻ ባነሳው እጅ ነው።

ድንጋይ መወርወሯን ተወች። ወለተጻድቅ ወፏን ወንድሜ ናት አላለችም፤ እንዲህ ያለ ነገር ብትል አባ ሀብተማርያም ከቤተ ክርስቲያን ባስወጧት ነበር። ግን ገብረአምላክ በዚህ ዓለም መጨረሻ የሰማው ድምፅ የገዴ ነው። ጠዋት ጠዋት ያ ድምፅ ሲመጣ ወንድሟ አጠገቧ ቁጭ ብሎ አብሯት የሚያዳምጥ ይመስላታል። ሌላ የቀራት ነገር የለም። መቃብሩን እንኳ አታውቀውም።

ከዚያ መሸሻ መጣ። ራሱን እየዳበሰ፣ እንደ ልጅ እያፈረ።

"እትዬ ወለቴ፣ ጆሮዬን ብርድ መታው መሰለኝ። ገዴን ካጣኋት ሰነበትኩ። አለች እንዴ አሁንም?"

ገዴ ያን ጊዜ ከዝግባው ላይ ጉሮሮዋ እስኪሰነጠቅ ትጮህ ነበር።

ወለተጻድቅ ሰውየውን ከእግር እስከ ራሱ አየችው። ሆዷ ውስጥ የሆነ ነገር እንደ ድመት ተጠቅልሎ ተኛ፤ ሞቀው። "አለች" አለችው። "ጆሮህን ብርድ ከመታው እኔ እሰማልሃለሁ። ቁጭ በል።"

እንግዲህ ምን ትጠብቅ ነበር የሚል ይኖራል። ጠላው ላይ መርዝ ጠብ ማድረግ አቅቷት ነው? አላቃታትም፤ አስባዋለች። ባንዳ በጠላ ቤት ሞቶ ቢገኝ ማሬሻሎው መንደሩን ከነሰዉ ያነደዋል። ከዚያም በላይ መርዝ የማንም ነው፤ አይጥም ይገደልበታል። እሷ የፈለገችው ወንድሟ በተበላበት መንገድ እንዲበላ ነው፤ ወፏ ራሷ እንድታስረክባት። ዳዊት አስደገመች፣ ሰገደች፣ ጾመች። እህል የማይቀመስበትን ጾም ሁሉ ጾመችው፤ አንዱንም ለነፍሷ አልጾመችም፣ ሁሉንም በመሸሻ ላይ ነው የጾመችው።

ገዴ ግን በቀኝ ትጮሃለች። ወለተጻድቅም እውነቱን ትነግረዋለች። እሱ ደህና ሄዶ፣ የሰው ቤት አቃጥሎ፣ ደህና ይመለሳል። ወለተጻድቅ ጓሮ ወጥታ ወገቧን ትይዛለች።

"እሰይ! እሰይ እመቤቴ! ለአንቺም ደመወዝ ቆረጡልሽ መሰለኝ!"

ወፏ ጭራዋን ታወዛውዛለች።

አንድ ከሰዓት ደበላ ጠላ ሊጠጣ የመጣ መስሎ ገባና ድምፁን አሳነሰ። ወጨጫ ጋራ ላይ ካሉት አርበኞች ሰው መጥቶለታል። መሸሻ ነገ ወታደሮቹን እየመራ ከአስኮ ማዶ ያለውን ወንዝ ይሻገራል፤ መሻገሪያው ላይ ይጠብቁታል። የሚያስፈራቸው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ወፍ ከልክሎት እንዳይቀር።

"ብቻ በቀኝ ነው በይው። አንዲት ቃል።"

"በቀኝ ከጮኸች እላለሁ።"

"በግራ ብትጮህስ?"

"በግራ እላለሁ።"

ደበላ ጣሳውን መሬት ላይ አስቀመጠው። "እትዬ፣ ጤና የለሽም? ወንድምሽን የበላ ሰው እኮ ነው! ከዚህች ጭራ ነስናሳ ወፍና ከወንድምሽ ደም ማን ይበልጥብሻል?"

"ዋሽቼባት ብትሄድብኝስ? መሸሻ ሆይ፣ ጆሮህን አበድረኝ ልበል? ዋሽቼ ከገደልኩት ገብረአምላክንም አብሬ እገድለዋለሁ። ነገ ጠዋት በምን ልሰማው ነው?"

"የሞተ ሰው አይሰማም።"

"እሱን ለአንተ ማን ነገረህ?" አለችው። "ሂድ። በቀኝ የምልበትን ምክንያት ስጠኝና ጠጥተህ ሂድ።"

"ምክንያት?"

"ገዴ በቀኝ እንድትጮህ ጸልይ ማለቴ ነው፣ አንተ ደረቅ። በኦሮምኛም ቢሆን ትሰማለች።"

በነጋታው ደበላ ከሁሉ ቀድሞ መጥቶ ጥግ ይዟል። ለካምቦው ድንጋይ የሚፈልጡ ሦስት አራት ሰዎችም ሥራ ሳይገቡ ጉሮሮ እያራሱ ነበር። ካሚዮኑ ደጅ ቆመ። መሸሻ ቡትሱን እያስጮኸ ገባ።

"ቦንጆርኖ ለሁላችሁ! እትዬ ወለቴ፣ ዛሬ ትልቅ ቀን ነው፤ ሹመት አለበት። ምን አለች?"

ወለተጻድቅ በሩ ላይ ቆማ ነበር። ገዴ ቀድማ ጮኻለች፤ ከዝግባው፣ በግራ፣ ደጋግማ፣ ምንም የማያሻማ። ደበላ የአባቷ ልጅ ባይሆንም ግራና ቀኙን ያውቃል፤ ጥጉ ላይ ሆኖ ዓይኑን ጨፈነ።

ይኸው፤ ዓመት የጸለየችበት ቀን ነው። ሰዎቹ መሻገሪያው ላይ ተኝተዋል። ሰውየው ኮቱን ቆልፎ ቆሟል። ወፏ ደግሞ አትሂድ እያለች ልታድነው ነው። ወለተጻድቅ ወደ ዝግባው ቀና ብላ አየች። ምን አድርጌሽ ነው? አለች በሆዷ። እሱን ልታድኚ? እሱን?

ገዴ ጮኸች።

ያን ጊዜ ነው ነገሩ የበራላት። ወፏ ዛሬ ለመሸሻ እውነት ልካለታለች፤ እሺ፣ ወለተጻድቅ ታደርሰዋለች። ግን እሷም የምታውቀው እውነት አለ፤ እስከ ዛሬ ዘግታ የያዘችው። ፊተኛው ብቻ ቢነገረው ይድናል። ሁለቱ አብረው ቢነገሩት ይሞታል። ሁለት እውነት መናገር ደግሞ በአባቷም ሕግ፣ በአባ ሀብተማርያምም ሕግ ውሸት አይደለም።

ድምፅዋን ከፍ አድርጋ፣ ድንጋይ ፈላጮቹ ሁሉ እየሰሙ፣ "በግራ ነው የጮኸችው፤ አትሂድ፣ መሸሻ" አለች።

መሸሻ ፊቱ ጠቆረ፤ ኮቱን ሊፈታ እጁን ወደ ቁልፉ ሰደደ። እውነትም ሊቀር ነበር። ወለተጻድቅ ጣሳ አንስታ ጠላ ልትሰጠው ጎንበስ አለችና ከጆሮው ሥር፣ እሱ ብቻ እንዲሰማ፣ እንዲህ አለችው።

"ገብረአምላክ ከዋሻው ሲወጣ ያነሳሃት እጅ ቀኟ ናት ግራዋ? ካወቅሁት ቆየሁ። በል ጠጣ።"

ወፍ የማይሰማው ጆሮ ይህን አጥርቶ ሰማ። መሸሻ ጣሳውን አልተቀበለም። ላብ ከግንባሩ ወረደ፤ ዓይኑ ከእሷ ወደ ድንጋይ ፈላጮቹ፣ ከድንጋይ ፈላጮቹ ወደ ጓዳው መጋረጃ ሮጠ። ይህ ሰው በሕይወቱ አንድም ጊዜ ጠላቱን ደህና ሁን ብሎ አያውቅም፤ ሌላ ሰው ይህን ያደርጋል ብሎ እንዴት ይመን? የምትጠላው ሴት "አትሂድ" ካለችው እንዲቀር የፈለገችበት ምክንያት አላት። እዚሁ የሚጠብቀው አለ ማለት ነው። አትሂድ ካለችው መሄድ ነው የሚያድነው።

"ዋሽተሻል" አለ። "በቀኝ ነው የጮኸችው።"

"በግራ ነው።"

"በቀኝ ነው!"

"ጌታዬ" አለ አንዱ ድንጋይ ፈላጭ በፍርሃት፣ "እኔም በግራ ነው የሰማሁት።"

"ዝም በል፣ አህያ! ሁላችሁም አንድ ናችሁ!" መሸሻ ወደ ኋላ እየሄደ በሩን አገኘው። ያኔውኑ ሊያሲዛት ይችል ነበር። ግን ምን ብሎ? ወፍ እየጠየቅሁ ወታደር ሳስቆም ኖሬ ወፍ ጠያቂዬ ከዳችኝ ሊል ነው? ጣቱን ቀሰረባት። "ስመለስ እንገናኛለን፣ እትዬ።"

"ስትመለስ" አለች ወለተጻድቅ። ደግማም ጮክ ብላ፣ "አትሂድ ብዬሃለሁ! ሰው ይስማልኝ፣ አትሂድ ብዬዋለሁ!"

ካሚዮኑ አቧራውን አስነስቶ ሄደ።

ከሰዓት በኋላ በደበላ በቅሎ ጭነው አመጡት። መሻገሪያው ላይ ውሃው ጉልበቱ ሳይደርስ ነው የወደቀው። ቡትሶቹ አልነበሩም፤ ከአርበኞቹ አንዱ ለእኔ ይሻላሉ ብሎ ወስዷቸዋል።

ማሬሻሎው ጠላ ቤቱን አስከበበ። አስተርጓሚው ሲጠይቅ ድንጋይ ፈላጮቹ ተራ በተራ ማሉ፤ ሴትዮዋ አትሂድ ብላዋለች፣ ለምናዋለች፣ እሱ ነው የሰደባት። ማሬሻሎው ለምን አትሂድ እንዳለችው ጠየቀ። አስተርጓሚው ስለ ወፏ አስረዳው። ማሬሻሎው አሰበ። ሮማን ያህል ከተማ የሠራ፣ ባሕር ተሻግሮ ሊያሠለጥነን የመጣ ሕዝብ ሹም ነውና አስቦ አስቦ የደረሰበትን ተመልከቱ። ወታደሮቹን አሰለፈና ወፏ ላይ ተኩሱ አለ። ዝግባው ላይ ያን ሁሉ ጥይት አርከፈከፉበት። የወደቀው ቅጠልና አንድ ቅርንጫፍ ነው። ቅርንጫፉ የካሚዮኑን መስታወት ሰበረው።

ወለተጻድቅ የፈራችው ግን ይህን ተኩስ አይደለም። ገዴ በነጋታው አልመጣችም። በማግስቱም አልመጣችም። ወለተጻድቅ በሩ ላይ ቆማ ጆሮዋን ወደ ዝግባው፣ ወደ ባሕር ዛፎቹ ስታቀና ትውላለች፤ ጭልፊት ይሰማል፣ ቁራ ይሰማል፣ የካምቦው ጡሩንባ ይሰማል። የለችም እንዴ? ወይስ አለችና እኔ ነኝ የማልሰማ? ደበላን ጠርታ "ስማልኝ" ልትል ፈለገችና ምላሷን ነከሰች። ያንን ቃል መሸሻ ነበር የሚለው።

በመሸሻ ሠልስት ቀን ለቅሶ ቤት ሄደች። ነጠላዋን አዘቅዝቃ፣ ሴቶቹ መሃል ገብታ ተቀመጠች። እንባ አላወጣችም። ንፍሮ ሲያቀርቡላት ተቀበለች፤ አንዴ ዘግና ቀመሰች፣ ደግማ ዘገነች፤ ሳህኑን ባዶ እስክታደርግ አንድ በአንድ፣ እያላመጠች በላችው። ባልቴቶቹ ተያዩ። "ጨምሩልኝ" አለች።

ከዚያ ስትመለስ፣ በሯን ልትከፍት ስትል፣ ጥይት ከገረፈው ዝግባ ላይ ገዴ ጮኸች። ወለተጻድቅ እጇ በሩ ላይ እንዳለ ቀረ። የትም የምትሄድበት መንገድ ስላልነበራት ግራም ቀኝም አላለችም። ቆማ ሰማች ብቻ፤ እስክትጨርስ።

በሚቀጥለው እሑድ አባ ሀብተማርያም ዘንድ ሄደች፤ ቤተ ክርስቲያኑ ግንብ ሥር ጎንበስ ብላ ሁሉንም ነገረቻቸው። ሽማግሌው ጢማቸውን አሻሹ።

"ገደልሽው ማለት ነው?"

"አትሂድ አልኩት፣ አባ። ምስክር አለኝ።"

"ዋሸሽው?"

"አንድም ቃል።"

"እንግዲያ ምን ብዬ ንስሐ ልስጥሽ?" አሉ፤ እንደ ተማሪ ልጅ ግራ ገባቸው። ከዚያ ፊታቸው በራ። "ስለ ምልኪው ስገጂ። ወፍ ስላመንሽ።"

"ስለ ወፏ ካሉኝ እሰግዳለሁ። ደስ ብሎኝ።"

"ስለ ጥላቻሽም ስገጂ፣ ልጄ። ሰውየው ሞቷል። በቃሽ፣ ይቅር በይው።"

ወለተጻድቅ ነጠላዋን አስተካክላ መስቀላቸውን ተሳለመች።

"እሱን ገና አልጨረስኩትም፣ አባ" አለች። "ስጨርስ እመጣለሁ።"